«ጠንካራ» ወይስ «ጠጣር»? ስለ ፖሊመር ኤሌክትሮላይት በተተረጐመ ረቂቅ ላይ የቀረበ ሂስ

በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ተቀጣጣይ ፈሳሽ ወጥቶ በምትኩ ፖሊመር ሲገባ የሚገኘውን ጥቅምና የሚቀረውን አደጋ የሚያስረዳ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተተረጐመ አንድ ረቂቅ ከነቀምት ለአስተያየት ደርሶናል። ተርጓሚው በዚያው ከተማ የሚኖሩ የሳይንስ መምህር ናቸው፤ ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ አንጠቅሰውም። ረቂቁ የታሰበው በነቀምት፣ በኡኬና በሌሎች የወለጋ ከተሞች የፀሐይ ፋኖስ፣ ስልክና በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ተሽከርካሪዎችን ለሚጠግኑ ሠራተኞች ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የእነዚህ ሠራተኞች ጕዳይ የጥቂቶች ጕዳይ መሆኑ ቀርቷል። የረቂቁ አንባቢ ቃሉን ባነበበበት ቅጽበት እጁን ባትሪው ላይ የሚያሳርፍ ሰው ስለ ሆነ፣ ለተራ የመጽሔት ጽሑፍ የምናልፈውን ጕድለት ለዚህ ልናልፈው አልቻልንም።

ተርጓሚው አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛቸው ግን ብዙ የመዲናችን ተርጓሚዎች ሊቀኑበት የሚገባ ነው። ዐረፍተ ነገሮቻቸው አጭርና ግልጽ ናቸው፤ እንግሊዝኛው «በ… አማካይነት» እየተባለ አልተጐተተም፤ ግሦቹ በቦታቸው ናቸው። ይህን ሁሉ አድንቀን ስናበቃ፣ ረቂቁ በአምስት ወይም በስድስት ቃላት ምክንያት እንዳለ ሊታተም የማይገባው መሆኑን እንገልጻለን። የመጀመሪያውና ዋነኛው «ኤሌክትሮላይት» ነው።

በረቂቁ መግቢያ ላይ የተሰጠው ፍች «በባትሪ ውስጥ የሚገኝ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፈሳሽ» የሚል ነው። ይህ ፍች የተርጓሚው ፈጠራ አይደለም፤ በየትምህርት ቤቱ ሲነገር የኖረ፣ መምህር ለተማሪ፣ ተማሪም ሲያድግ ለሌላ ተማሪ ያስተላለፈው ነው። ለመኪና ባትሪም ሲነገር ብዙ አላስቸገረም፤ በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው በውሃ የቀጠነ የድኝ አሲድ በርግጥ ፈሳሽ ነውና። መካኒኮቻችንም «አሲድ» ወይም «የባትሪ ውሃ» ብለው ይጠሩታል እንጂ ኤሌክትሮላይት አይሉትም። ችግሩ የሚፈጠረው ያው ፍች ሳይታረም ወደ አዲሱ ነገር ሲሻገር ነው። ረቂቁ ጥቂት ወረድ ብሎ «ጠንካራ የፖሊመር ኤሌክትሮላይት» ይላል። አንባቢው በመግቢያው የተሰጠውን ፍች በቦታው ቢተካ የሚያገኘው «ጠንካራ የፖሊመር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ፈሳሽ» ነው። ጠንካራ ፈሳሽ ምን ዓይነት ፈሳሽ ነው? አንባቢው ወይ መግቢያውን ወይ ዋናውን ጽሑፍ ሊጠራጠር ይገደዳል፤ ሁለቱንም አምኖ ማንበብ አይችልም።

የቃሉ ባለቤት የሆነው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1834 «ኤሌክትሮላይት» የሚለውን ስያሜ ለሳይንስ ሲያበረክት ፈሳሽነትን በቃሉ ውስጥ አላስገባም። ከግሪክኛው የተወሰዱት ሁለቱ አካላት የሚሉት «በኤሌክትሪክ የሚፈታ» ነው፤ መፈታት እንጂ መፍሰስ የለበትም። በዚያው ዘመን የወጣው «አዮን»ም «ሂያጅ» ማለት ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ፋራዴይ ራሱ እንደ ብር ሰልፋይድና እንደ እርሳስ ፍሎራይድ ያሉ ጠጣር ነገሮች ሲግሉ ኤሌክትሪክ እንደሚያሳልፉ በ1830ዎቹ ተመልክቶ ነበር። ስለዚህ ጠጣር ኤሌክትሮላይት ከስያሜው ጋር እኩያ ነው ለማለት ይቻላል። ፈሳሽነቱን በፍቹ ላይ የጨመርነው እኛ ነን፤ ከመኪናው ባትሪ ያየነውን የአንዱን ዓይነት ጠባይ የወገኑ ሁሉ ጠባይ አድርገን። መዝገበ ቃላት የሚሠራ ሰው ይህን ስሕተት ያውቀዋል፤ በሬ ብቻ ያየ ሰው ከብትን «ቀንድ ያለው የእርሻ እንስሳ» ብሎ እንደ መፍታት ያለ ነው።

ከዚህ የከፋው ግን «ኤሌክትሪክ አስተላላፊ» የሚለው ሁለተኛው ክፍል ነው። «አስተላላፊ» በትምህርት ቤቱ አማርኛ መዳብንና አሉሚኒየምን የምንጠራበት፣ ጽኑ ትርጕም ያለው የሙያ ቃል ነው። በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚጓዘው ኤሌክትሮን ነው። በባትሪ ውስጥ ግን ሥራው ተከፋፍሏል፤ ኤሌክትሮኖች ከአንዱ ዋልታ ወጥተው በውጭ ባለው ሽቦ በኩል፣ አምፖሉን አብርተው ወይም ሞተሩን አዙረው፣ ወደ ሁለተኛው ዋልታ ይደርሳሉ፤ የሊቲየም አዮኖች ደግሞ በውስጥ በኩል፣ ኤሌክትሮላይቱን አቋርጠው ይሻገራሉ። ኤሌክትሮላይቱ ሁለት ግዴታ አለበት ማለት ነው፤ አዮኑን ማሳለፍና ኤሌክትሮኑን መከልከል። ሁለተኛውን ግዴታ ካልተወጣ ኤሌክትሮኖቹ ዙሪያ ጥምጥም መሄዳቸውን ትተው በውስጥ ያቋርጣሉ፤ ባትሪው ይግላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለመናገር ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። እንግዲህ ባትሪውን የሚጠግነው ሰው «በመካከል ያለው ነገር ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው» የሚል ፍች ከያዘ፣ ዋልታዎቹን የሚያገናኝ አንዳች ብረት በመካከል ቢገባ ሥራውን የሚያግዝ እንጂ የሚያበላሽ አይመስለውም። ፍቹ ከመሳሳትም አልፎ የተገላቢጦሽ ይናገራል።

ይህን ካልን ዘንድ ምን ይባል የሚለውን መመለስ አለብን። ለዚህ የፖሊመሩን አሠራር ጥቂት ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝ አገር ፒተር ራይት ከባልደረቦቹ ጋር ፖሊ ኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለው ፖሊመር ከአልካሊ ብረቶች ጨው ጋር እንደሚዋሐድ አስታወቀ፤ በ1978 ደግሞ ፈረንሳዊው ሚሼል አርማንድና ባልደረቦቹ ይህ ውሁድ ለባትሪ ሊውል እንደሚችል አመለከቱ። በዚህ ፖሊመር ሰንሰለት ላይ በየተወሰነ ርቀት የኦክስጅን አተሞች አሉ። የሊቲየም አዮን በእነዚህ ኦክስጅኖች ተከቦ ይቀመጣል፤ ሰንሰለቱ ሲወዛወዝ አንደኛው የኦክስጅን ቡድን አዮኑን ይለቃል፣ ቀጣዩ ይቀበላል። ጡብ በሚገነባበት ቦታ ሠራተኞች ተሰልፈው ጡቡን ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት ነው፤ ሠራተኞቹ ከቦታቸው አይሄዱም፣ ጡቡ ግን ግንበኛው ዘንድ ይደርሳል። ሰንሰለቱ በተኮማተረና በደነደነ ጊዜ ቅብብሉ ይቆማል። ፖሊ ኤቲሊን ኦክሳይድ የሚቀልጠው በሴንቲ ግሬድ 65 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚህ በታች፣ በተለይ በ25 ዲግሪ፣ አዮን የማሳለፍ ችሎታው ከፈሳሹ ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ በሺህ እጥፍ ያንሳል። በዚህም ምክንያት ይህን ፖሊመር የያዘ ባትሪ በሥራ ላይ ሳለ ከ60 እስከ 80 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት እንዲቆይ ይደረጋል።

«አስተላላፊ» የሚለው ቃል ለመዳብ ይቅርና ለዚህ ለቅብብሉ ሥራ «አሳላፊ» የሚለውን ብንይዝ የተሻለ ይመስለናል። አሳላፊ በድግስ ቤት ማንን እንደሚያስገባና ለማን ምን እንደሚያቀርብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ያገኘውን ሁሉ አያሳልፍም። «አዮን አሳላፊ» ስንል በቃሉ ውስጥ መምረጥ አለ፤ «ኤሌክትሪክ አስተላላፊ» ስንል የለም። ይህ ማለት ግን «ኤሌክትሮላይት» የሚለው ውሰት ቃል ይጣል ማለታችን አይደለም። በዓለም ሁሉ ሳይንስ ጽሑፍ ላይ ያለ ቃል ነው፤ በባትሪው ካርቶን ላይም ታትሞ ይመጣል፤ ሠራተኛው ሊያውቀው ይገባል። ስያሜው ውሰት ይሁን፣ ፍቹ ግን በአገር ቋንቋ ይታነጽ የሚለውን አቋማችንን ከዚህ ቀደምም ገልጸናል። «አዮን አሳላፊ» የሚለውን በፍቹ ውስጥ እናስገባዋለን እንጂ በስያሜው ቦታ አንተካውም።

ፖሊመር ኤሌክትሮላይት በአገራችን ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ እንዳልሆነም በዚህ አጋጣሚ ልናስታውስ ይገባል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ተከተል ዮሐንስና ቴዎድሮስ ሰለሞን ከስዊድናዊው ኦሌ ኢንጋኔስ ጋር ሆነው፣ በፖሊመር ኤሌክትሮላይት ስለሚሠራ የፀሐይ ሕዋስ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 አሳትመዋል። የእነርሱ ኤሌክትሮላይት የሚያሳልፈው ሊቲየምን ለባትሪ አልነበረም፤ የፖሊመሩ ቤተሰብ ግን አንድ ነው። ጥናቱ የታተመው በእንግሊዝኛ ነው። እኒህ ሊቃውንት በቤተ ሙከራ ውስጥ እርስ በርሳቸው በአማርኛ ሲነጋገሩ ነገሩን ምን ብለው ይጠሩት እንደ ነበር የጻፈልን የለም፤ ቢጻፍ ኖሮ የነቀምቱ መምህር ከባዶ ባልተነሡም ነበር። የሙያ ቃል የሚጠፋው በክፉ ተርጓሚ ብቻ አይደለም፤ ሲሠራበት የነበረውን ቃል የሚመዘግብ ሰው በማጣትም ነው። ሊቲየሙ ራሱ በጉጂ በቀንጢቻ ድንጋይ ውስጥ በሚገኝበት አገር ይህ ያስቈጫል።

አሁን ወደ ርእሳችን ወደ «ጠንካራ» እንምጣ። ተርጓሚው እንግሊዝኛው ጠጣር የሚለውን ሁሉ «ጠንካራ» ብለውታል። ከየት እንደ መጣባቸው ለመገመት አያስቸግርም። በኦሮምኛ «ጀባ» የሚለው ቃል ብርቱውንም፣ የማይበገረውንም፣ በእጅ ሲነኩት የሚደነድነውንም ይሸከማል። በኦሮምኛ አስቦ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው «ጠንካራ» የቅርብ አቻ ነው። ይሁን እንጂ «ጠንካራ» በአማርኛ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ብርታት ነው። «ጠንካራ ባትሪ» ብንል በኡኬ ገበያም ሆነ በመርካቶ ሻጩ የሚረዳን ቶሎ የማያልቅ፣ ብዙ ሰዓት የሚያበራ ማለታችን እንደ ሆነ ነው። ፖሊመሩ ደግሞ በዚህ ረገድ ጠንካራ አይደለም፤ ከላይ እንዳየነው በቀዝቃዛ ጊዜ ከፈሳሹ ይደክማል። በእጅ ቢዳሰስም ጠንካራ አይደለም፤ ተለማጭ ነው፣ እንደ ቀጭን ቆዳ ይታጠፋል።

በኬሚስትሪ ውስጥ ያለው ግጭት ከዚህም ይብሳል። «ጠንካራ ኤሌክትሮላይት» የሚባል ሌላ ነገር አስቀድሞ አለ። የገበታ ጨው በውሃ ሲሟሟ ሙሉ በሙሉ ወደ አዮን ስለሚለያይ «ጠንካራ» ይባላል፤ የኮምጣጤ አሲድ በከፊል ብቻ ስለሚለያይ «ደካማ» ነው። እንግዲህ «ጠንካራ ኤሌክትሮላይት» ብሎ ያነበበ የ2ኛ ደረጃ ተማሪ የጨው ውሃ ይታሰበዋል፤ ይህም ረቂቁ ሊያስረዳ ከፈለገው ነገር ፍጹም ተቃራኒ የሆነ፣ ፈሳሽ ነገር ነው። ሁለት ጽንሰ ሐሳብ በአንድ ስያሜ መጠራቱ በሥነ ጽሑፍ ውበት ሊሆን ይችላል፤ በሙያ ቃላት ግን ጥፋት ነው። «ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ» የሚለው ሥላሴ በትምህርት ቤት መጻሕፍት ለረጅም ዘመን ሥር የሰደደ ስለ ሆነ «ጠጣር ኤሌክትሮላይት» ከማለት ሌላ መንገድ የለም። በነገራችን ላይ ተርጓሚው ቢያንስ ከአንድ ወጥመድ ድነዋል፤ በሌላ ጽሑፍ ላይ ይኸው የእንግሊዝኛ ሐረግ «ጽኑ መንግሥት» ተብሎ ተተርጕሞ አይተናል። «ጽኑ መንግሥት ያለው ባትሪ» ከተባለ በኋላ ሌላ ማንበብ አልቻልንም።

«ጠጣር ባትሪ» ማለትም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። በሕዝቡ አነጋገር «ባትሪ» የእጅ መብራቱ ነው፤ በውስጡ የሚገባው «ድንጋይ» ነው። በኦሮምኛም «ዸጋ» ሲሉ ይሰማል። «ድንጋይ ጨረሰ»፣ «ድንጋይ ግዛልኝ» እንላለን። ከ«ጠጠር» ጋር ሥሩን የሚጋራው የምሁራኑ «ጠጣር» ከሕዝቡ «ድንጋይ» ጋር በአንድ ሰፈር ይኖራል። ስለዚህ «አዲሱ ባትሪ ጠጣር ነው» የተባለ ሠራተኛ «ምን አዲስ ነገር አለው? ድንጋይ ድሮም ድንጋይ ነው» ቢለን አንፈርድበትም። እርግጥ ነው ድንጋዩ ውስጡ ድንጋይ አይደለም፤ እንደ ሊጥ የላቆጠ እርጥብ ነገር አለበት፤ አሮጌ ድንጋይ ሲያዥ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሕዝቡ የሰየመው የውጭ መልኩን አይቶ ነው። ረቂቁ ይህን የሕዝብ ቃል ጨርሶ አልነካውም፤ እኛ ግን ከእርሱ መነሣት ይሻል ነበር እንላለን። «በፋኖሱ ድንጋይ ውስጥ የላቆጠ እርጥብ አለ፤ በስልኩ ባትሪ ውስጥ ተቀጣጣይ ፈሳሽ አለ፤ በአዲሱ ውስጥ ግን እርጥብም ፈሳሽም የለም» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ከግማሽ ገጽ ፍች የበለጠ ሥራ ይሠራል።

«ፖሊመር» የሚለው በረቂቁ አንድ ጊዜ «ላስቲክ መሰል ነገር» ተብሏል። ፖሊመር ከላስቲክ ይሰፋል፤ ጥጥም ቆዳም ፖሊመር ናቸው። አደጋውም ሌላ ነው። ተራው፣ ፈሳሽ የያዘው የሊቲየም ባትሪም በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ስስ የላስቲክ ገለፈት አለው፤ ዋልታዎቹ እንዳይነካኩ የሚለይ ነው፤ ፈሳሹም በቀዳዳዎቹ ያልፋል። ይህ ገለፈት ከፖሊመር የተሠራ ነው፣ ኤሌክትሮላይት ግን አይደለም። አንድ ሠራተኛ ያበጠ ባትሪ ከፍቶ ላስቲክ ቢያይ፣ «ላስቲክ መሰሉ ኤሌክትሮላይት ይህ ነው፤ እንግዲህ አደጋ የለውም» ብሎ ሊደመድም ይችላል። እንዲህ የሚደመድመው ረቂቁን በሚገባ ያነበበው ሰው መሆኑን ልብ ይሏል! «ፖሊመር» እንዳለ ይቀመጥ፤ «ገለፈት» ለለያዩ ስስ ላስቲክ ይሰጥ።

እንግሊዝኛውም ራሱ እዚህ ላይ ንጹሕ አይደለም። በስልክ ባትሪዎች ላይ «ሊቲየም ፖሊመር» የሚል ጽሑፍ ይታያል። ከእነዚህ የሚበዙት ፈሳሹን በፖሊመር ውስጥ አምቀው ዝልግልግ ያደረጉት ወይም በስስ ከረጢት የታሸጉ ፈሳሽ ያዥ ባትሪዎች ናቸው፤ ሊቃውንቱ ጠጣር ፖሊመር የሚሉት አይደሉም። ነጋዴ የለጠፈውን ስም ተርጓሚ ሊፍቀው አይችልም፤ ነገር ግን በኅዳግ ማስጠንቀቅ ይችላል፣ ይገባዋልም። ረቂቁ ይህን አላደረገም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በርእሱ ላይ ያለው ሐረግ ነው። እንግሊዝኛው የሚያነጻጽር ነው፤ ፖሊመር የያዘው ባትሪ ፈሳሽ ከያዘው ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠ አይደለም ይላል። ረቂቁ «ደኅንነቱ የተጠበቀ ባትሪ» ብሎታል። ንጽጽሩ ጠፋ፤ የቀረው ፍጹም ዋስትና ነው። በአማርኛ ማነጻጸሪያው በቅጽሉ ላይ የሚለጠፍ ምዕላድ የለውም፤ «ከ… ይልቅ»፣ «ከ… የተሻለ» ብለን የሚነጻጸረውን ነገር ራሱን መጥራት አለብን። እንግሊዝኛ የሚነጻጸረውን ሳይጠራ በአንድ ቃል ስለሚገላገለው፣ የኛ ተርጓሚዎች በተለይ በርእስና በማስታወቂያ ላይ ማነጻጸሪያውን ጥለው ቅጽሉን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ። በሳሙና ማስታወቂያ ላይ ይህ ቢሆን ጕዳቱ ለገዢው ኪስ ነው። በዚህ ረቂቅ ግን እውነቱ የሚገኘው በዚያች በጠፋችው «ይልቅ» ውስጥ ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማየት፦ ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2011 መጨረሻ እስከ 2018 ሕዝብ እየተከራየ ይነዳቸው የነበሩት ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሊቲየም ብረትና የፖሊመር ባትሪ የያዙ ነበሩ። ይኸው ዓይነት ባትሪ ለከተማዪቱ አውቶቡሶችም ዋለ። በሚያዝያ ወር 2022 እ.ኤ.አ. ሁለት አውቶቡሶች በተለያየ ቀን ስለ ተቃጠሉ 149 ተመሳሳይ አውቶቡሶች ለጊዜው ከሥራ ታገዱ። ፖሊመሩ እንደ ፈሳሹ አይፈስስም፣ በቀላሉም አይተንም፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ ካርቦንና ሃይድሮጅን ያለው ነገር ነውና ከበቂ በላይ ከጋለ ይነዳል፤ በአንዱ ዋልታ ያለው የሊቲየም ብረትም የእሳት ወዳጅ ነው። ስለዚህ ርእሱ «ፈሳሽ ከያዘው ይልቅ አደጋው የቀነሰ የሊቲየም ባትሪ» ቢባል ይረዝማል እንጂ አይዋሽም።

የቀሩትን በአጭሩ እናልፋለን። ሙቀት ሙቀትን እየወለደ፣ ባትሪው ከቁጥጥር ወጥቶ እስኪቀጣጠል የሚደርስበትን ሂደት ረቂቁ «የሙቀት ሽሽት» ብሎታል፤ ይህ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል የተቀዳ ስለ ሆነ አንባቢው ሙቀቱ ሸሽቶ ባትሪው የቀዘቀዘ ይመስለዋል። «ገደብ የጣሰ ግለት» ይባል። «ባትሪውን መሙላት» የሚለው ደግሞ ሁለት ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ መሙላትም ውሃ መሙላትም። የመኪና ባትሪን የለመደ ሠራተኛ በማስጠንቀቂያው ላይ «ሳይሞላ አታስቀምጥ» የሚል ቢያነብ የታሸገውን ሊከፍት ይነሣል። «ቻርጅ ማድረግ» ለጆሮ ቢጐረብጥም እዚህ ላይ ከንጹሑ አማርኛ እርሱ ይሻላል፤ ንጽሕናን ወዳጆች የሆኑ ባልደረቦቻችን ይቅር ይበሉን።

በአንጻሩ ሊመሰገን የሚገባ ፈጠራም አለ። ቻርጅ በሚደረግበት ጊዜ የሊቲየም ብረት በዋልታው ላይ ወጥ ሆኖ መነጠፉ ቀርቶ እንደ ቀጭን ሐረግ እያደገ ኤሌክትሮላይቱን ሰርስሮ ወደ ማዶ ዋልታ ሊደርስ ይችላል። የውጭዎቹ ሊቃውንት ከግሪክኛ «ዛፍ» በሚል ቃል ሰይመውታል። የነቀምቱ ተርጓሚ «የሊቲየም ሥር» ብለውታል። ዛፍ ወደ ላይ ያድጋል፣ ማንንም አይሰረስርም፤ ሥር ግን ለስላሳውን አፈር በስቶ፣ ድንጋይ ሲያጋጥመው በጎን ዞሮ ያልፋል። ፖሊመሩ ለስላሳ በመሆኑ ሥሩን ሙሉ በሙሉ መግታት አለመቻሉን፣ አንዳንዶች ጠንካራ የሸክላ ዓይነት ኤሌክትሮላይት የሚመርጡበትም አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ስያሜው ራሱ ያስረዳል። ይህን ቃል ያለ አንዳች ማሻሻያ እንዲያዝ እንደግፋለን።

ተርጓሚው ይህንኑ ጽሑፍ በኦሮምኛ ለማዘጋጀት አስበዋል። በዚህ ነገር ላይ ለነቀምት ሰው ምክር መስጠት ድፍረት ሳይሆን አይቀርም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የመለሱትና እ.ኤ.አ. በ1899 ለኅትመት ያበቁት ኦኔሲሞስ ነሲብ ከ1904 ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው እስከ 1931 በዚሁ በነቀምት አካባቢ አስተምረዋል። ከእርሳቸው ጋር የሠሩት አስቴር ጋኖ የተሰጣቸው ሥራ አስቀድሞ የኦሮምኛ ቃላትን ሰብስቦ መዝገብ ማዘጋጀት ነበር፤ በ1893 የታተመው የአዲስ ኪዳን ትርጕም የታረመው በዚያ መዝገብ እየታገዘ ነው። ቃሉ ተሰበሰበ፤ ትርጕሙም በተሰበሰበው ቃል ተቃና። የዛሬው ረቂቅ መንገዱ የተገላበጠ ነው፤ ትርጕሙ አልቆ ቃሉ ገና ይፈለጋል። ስለዚህ የኦሮምኛው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በነቀምትና በኡኬ ያሉ ጥገና ቤቶች ውስጥ ሠራተኞቹ የባትሪውን ክፍሎች፣ እብጠቱን፣ መጋሉን፣ ማዠቱን፣ ቻርጅ መያዙንና አለመያዙን ምን ብለው እንደሚጠሩ ቢመዘገብ መልካም ነው። «ጀባ» ብርቱውንና ጠጣሩን እንዴት እንደሚለይ፣ ወይም ሌላ ቃል እንደሚያስፈልግ፣ ከዚያ ይታወቃል። ከአዲስ አበባ ሆነን ልንወስንላቸው አይገባም።

ለአማርኛው ቅጂ ግን በመግቢያው ላይ ያለው ፍች ተሰርዞ በምትኩ እንዲህ እንዲገባ እናሳስባለን፦ «ኤሌክትሮላይት፣ ስም፤ በባትሪ ሁለት ዋልታዎች መካከል ሆኖ አዮኖችን የሚያሳልፍ፣ ኤሌክትሮኖችን ግን የሚከለክል ነገር፤ ፈሳሽ፣ ዝልግልግ ወይም ጠጣር ሊሆን ይችላል። ፖሊመር ኤሌክትሮላይት፦ በፖሊመር ውስጥ ጨው በማዋሐድ የሚሠራ፤ ፈሳሽ ካልተጨመረበት ጠጣር ፖሊመር ኤሌክትሮላይት ይባላል።»

በአጻጻፍ ረገድ ረቂቁ አንድ ጊዜ «ሊትየም»፣ ሌላ ጊዜ «ሊቲየም»፣ በአንድ ቦታም «ሊቲዬም» ይላል። እኛ «ሊቲየም» የሚለውን ይዘናል፤ «ሶዲየም»ንና «ፖታሲየም»ን ከለመድንበት አጻጻፍ ጋር ይሄዳልና። «አዮን» እና «አየን» ከሚሉትም የመጀመሪያው ይያዝ፤ ሁለተኛው «አየ» ከሚለው ግሥ ጋር እየተጋጨ በአንድ ገጽ ላይ ብቻ ሁለት ጊዜ አሳስቶናል።